ለፊልም የተተከለው ድንኳን

ባለቤቴ ባረፈ በዘጠነኛው ወር፣ ሰርቪስ ቤቱን የተከራዩኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሐዋሳ ባለው ግቢዬ ውስጥ ፊልም ለመሥራት ፈቃድ ጠየቁኝ። ስለዚያ ቀን ልጽፍ ስንት ጊዜ ብዕር አንስቼ አስቀምጫለሁ። ሠፈሩ እንደሚያወራው ከሆነ አስቂኝ ታሪክ ነው፤ እኔም አብሬ ስቄበታለሁ። በእኔ በኩል የሆነው ግን ሌላ ስለሆነ፣ ቀስ ብዬም ቢሆን ልጽፈው።

በመጀመሪያ መናገር ያለብኝ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ባሌን አላለቀስኩትም ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ ጠዋት ነው ያረፈው። ወደ ቤት ስመለስ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ቀድመውኝ ደርሰው ይዘምሩ ነበር። ጩኸቴን ላወጣው ስል አንዲት የማከብራት እናት ትከሻዬን ያዝ አድርጋ፣ «ተስፋ ያለው ሰው አይጮህም፣ እህቴ። ወደ ጌታው ነው የሄደው» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። እኔም ዋጥኩት። በሦስቱም ቀን ወንበር አንሶ እንደሆነ፣ ውሃ አልቆ እንደሆነ እያየሁ እንግዳ ሳስተናግድ ዋልኩ። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ጠንካራ ሴት ናት» እያለ ሄደ። አንድ ጊዜ ጠንካራ ከተባሉ በኋላ ማልቀስ፣ ሰው የሰጠውን ስጦታ መልሶ እንደመወርወር ነው። አፈርኩ።

አንድ ልጅ አለችን፤ አዳማ ባንክ ውስጥ ትሠራለች። በቀብሩ ማግስት መኝታ ቤት ገብታ ስትንሰቀሰቅ በሩ ላይ ቆሜ «ጠንከር በይ እንጂ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

«እማዬ፣ አንቺ ግን አባዬን ትወጂው ነበር?»

በሩን ዘግቼላት ወደ እንግዶቹ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ትደውላለች። ጤናሽ? ደህና። ሥራ? ደህና። ስለ እሱ አንዲት ቃል አንተነፍስም። ባሌን ቀብሬ ልጄንም በዝምታ እያጣሁ እንደነበር አውቃለሁ። እንዴት እንደሚመለስ ግን አላውቅም ነበር።

ተማሪዎቹ ሦስት ናቸው። ዳይሬክተር የምትባለው ከጎጃም የመጣች ረጋ ያለች ልጅ ናት። ቀረጻውን የሚሠራው አፉ የማያርፍ የድሬዳዋ ልጅ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከአርባ ምንጭ የመጣ እንደ ሸምበቆ የረዘመ ዝምተኛ ነው። በረንዳዬ ላይ ተደርድረው ቆሙ።

«እትዬ፣ አስፈሪ ፊልም ነው፤ ግን ያስቃል» አለችኝ ልጅቷ።

«አንዱን ምረጡ። ያስፈራል ወይስ ያስቃል?»

«ማዘር፣ ማስፈራቱን እኛ እንሞክራለን» አለ የድሬዳዋው ልጅ። «ማሳቁን በጀታችን ይጨርሰዋል።»

ታሪኩን አስረዱኝ። ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች እንዲላክ ለቅሶ በቪዲዮ እንደሚቀረጽ ሁላችንም እናውቃለን። በእነሱ ፊልም ውስጥ ሁለት ወጣቶች እንዲህ ያለ ለቅሶ በስልክ ሊቀርጹ ይሄዳሉ። ሲቀርጹ ለካ ሟቹ ራሱ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ካርታ ይጫወታል። ከስልኩ በቀር የሚያየው የለም። በመጨረሻ ወጣቶቹ ይጠፉና ስልኩ ብቻ ከፍራሽ ሥር ይገኛል። ተመልካቹ የሚያየው ያ ስልክ የቀረጸውን ነው።

«ስለዚህ ምስሉ ቢንቀጠቀጥ፣ ቢደበዝዝ ማንም አይወቅሰንም» አለች።

«ደህና ካሜራም የለንም» አለ ልጁ።

«ሟቹስ ምን ፈልጎ ነው የሚመለሰው?» አልኩ።

ረጅሙ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «ንፍሮው ጨው አንሶታል ብሎ ነው።»

ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። ባሌ ለቅሶ ቤት የሚፈለግ ሰው ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ በሦስተኛው ቀን ሐዘንተኛውን የሚያስቀው እሱ ነው። በራሱ ለቅሶ ላይ ግን ማንም አልሳቀም፤ የሚያስቀው ሰው አልነበረማ። ይህን አስቤ ፈቀድኩላቸው።

ድንኳን ያስፈልጋቸዋል። የዕድራችን ድንኳን የሚቀመጠው ከእኔ ሦስት ቤት አልፎ ጥሩንባ ነፊያችን ዘንድ ነው። ሰው ሲሞት ሠፈሩን በጥሩንባ የሚጠራው እሱ ነው፤ ዕቃ ቤቱም በእጁ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ብደውል ቤት አልነበረም። ሚስቱን «ለፊልም ነው፣ ዛሬውኑ ይመለሳል፤ ለልጆቹ ስጪልኝ» አልኳት። ሰጥታቸው ወደ ገበያ ሄደች። የዕድሩን ሰብሳቢ ማስፈቀድ ነበረብኝ። የአንድ ቀን የልጆች ጨዋታ ነው ብዬ ናቅሁት። ጥፋቱ የተጀመረው ከእኔ ነው።

የአቮካዶው ዛፍ ግቢውን ስላጠበበው ድንኳኑ እዚያ አልበቃ አለ። ግማሹን ከበሩ ውጭ መንገዱ ላይ ተከሉት። ረጅሙ ልጅ ሟች ነውና ፊቱን የፍርኖ ዱቄት ቀቡት። በሐዋሳ ሙቀት ግን ዱቄቱ ላቡን እየጠጣ ከአገጩ ላይ እንደ ሊጥ ይንጠባጠብ ጀመር። «ዳይሬክተሯ ቁረጥ ሳትል እንዳትንቀሳቀስ» ብለውት ካርታውን ይዞ ድንኳኑ ጥግ ተቀመጠ።

የሟቹን ሚስት የምትሆነው ልጅቷ ራሷ ነበረች። መርዶ ሰምታ መጮህ አለባት። ጮኸች። የድሬዳዋው ልጅ ስልኩን ዝቅ አደረገ።

«አይጥ አየሽ ወይስ ባልሽ ሞተ?»

ደገመች። አሁንም አይጥ ነው፤ ምናልባት ትንሽ ተለቅ ያለ አይጥ። ሦስተኛውን ስትጮህ እኔ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀምኩ ነበር። ሠላሳ ዓመት አንደኛ ደረጃ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት፤ ስህተት አይቼ ቁጭ ማለት አልችልም። ሰፌዱን እንደያዝኩ ወረድኩ።

«እንዲህ አይደለም፣ ልጄ። አንቺ ከጉሮሮሽ ነው የምትጮኺው። እሱ ከሆድ ነው የሚመጣው፤ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል።»

«ያሳዩን እስቲ፣ እትዬ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ላሳያት ብዬ ነው አፌን የከፈትኩት። ምን ብዬ እንደምጮህ እንኳ አላሰብኩም ነበር። የመጣልኝ ባሌን ሠላሳ አንድ ዓመት የጠራሁበት ነው። ጫማውን በር ላይ ሲተው፣ ሐይቁ ዳር ካለው ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቅርፊቱ ያልተነሳ ዓሣ ገዝቶ ሲመጣ፣ እንዳልቆጣው ሲያስቀኝ የምለው።

«አንተ ሰውዬ!»

ድምፁ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ሰፌዱ ከእጄ ወደቀ። እኔም መሬት ላይ ወደቅሁ። «አንተ ሰውዬ! የት ነው የሄድከው? ለማን ትተኸኝ ነው የሄድከው? ኧረ አንተ ሰውዬ!» ዘጠኝ ወር የዋጥኩት ሁሉ እየተከታተለ ወጣ፤ ላቆመው አልቻልኩም። ልጅቷ አጠገቤ ተንበርክካ አቀፈችኝ። «እትዬ፣ ይበቃል… እትዬ» እያለች እሷም ታለቅሳለች። የእሷ አሁን አይጥ አልነበረም።

በዚህ መሐል ጥሩንባ ተነፋ።

ጥሩንባ ነፊው ከሄደበት ሲመለስ ዕቃ ቤቱ ተከፍቶ ድንኳኑ የለም። ሚስቱም የለችም። ወዲያው የእኔን ጩኸት ሰማ። ይህን ሥራ ሲሠራ ያረጀ ሰው ምን ተፈጠረ ብሎ አይጠይቅም። ጥሩንባውን አነሳና በየመንገዱ «መምህርቷ ቤት! መምህርቷ ቤት ለቅሶ!» እያለ ዞረ።

መጀመሪያ የደረሰችው ፊት ለፊቴ ያለችው ጎረቤቴ ናት። ፀጉሯን እየታጠበች ነበር የሰማችው። የሳሙናው አረፋ እራሷ ላይ እንደተቆለለ፣ ነጠላዋን ገልብጣ፣ በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ እያለቀሰች ገባች። «ልጅሽ ናት? ልጅሽ ናት?» ትለኛለች። እኔ ከለቅሶው መላቀቅ አቅቶኝ ማልቀሴን ቀጠልኩ፤ እሷም ይህን እንደ አዎን ወስዳ መሬት ላይ ተዘረጋች። ቀጥሎ ወንዶቹ አግዳሚ ወንበር በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። ሴቶቹ መጡ። ግቢው ሞላ፤ ድንኳኑም ሞላ።

ድንኳኑ ጥግ ያ ምስኪን ልጅ ዱቄቱን እንደተቀባ፣ ካርታውን እንደያዘ ተቀምጧል። ቁረጥ ያለው የለም። አንድ ሽማግሌ አጠገቡ ዐረፍ አሉ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

«አሜን» አለ ልጁ።

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩት። «ልጄ፣ አመመህ እንዴ?»

መልስ ሳይሰጥ ጎረቤቴ አረፋዋን ከዐይኗ እየጠረገች ወደ ድንኳኑ ገባችና ከእሱ ጋር ዐይን ለዐይን ተጋጠመች። የጮኸችው ጩኸት የሁላችንንም የሚያስንቅ ነበር። እሱም ከእሷ አረፋ ደንግጦ መልሶ ጮኸ። ካርታው በአየር ላይ ተበተነ። የድሬዳዋው ልጅ ስልኩን አልዘጋም ነበር።

ዳይሬክተሯ ተነስታ መሐል ቆመች። «ይቅርታ አድርጉልን። ፊልም ነው። ማንም አልሞተም።»

ሰው ከደነገጠ በኋላ የሚቆጣውን ቁጣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሁሉ በላይ የተቆጡት የዕድሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ ባሌን ተሸክመው ከቀበሩት አንዱ።

«ሰው ሳይሞት ድንኳን አይተከልም!» በከዘራቸው መሬቱን መቱት። «ሞትን መጥራት ነው! በእኛ እንባ ልትስቁ ነው? አምጣ ያንን ስልክ። እዚሁ ፊታችን አጥፋው፤ አንድም እንዳይቀር።»

ልጁ ወደ ዳይሬክተሯ አየ። የሁለት ወር ሥራቸው ያለው እዚያ ስልክ ውስጥ ነው። አልተከራከረችም። «አጥፋው» አለችው ቀስ ብላ። አውራ ጣቱን ስልኩ ላይ ሲያሳርፍ አየሁ።

«አይጠፋም!» አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ድምፄ ተዘግቶ ነበር፤ ጉሮሮዬን ጠርጌ ደገምኩት። «ጋሼ፣ ሌላውን ሁሉ ይጥፋ ይበሉ። የእኔን ለቅሶ ግን አታስጠፉብኝ።»

«የአንቺም ለፊልም አይደለም እንዴ?»

«ላሳያቸው ብዬ ነው የጀመርኩት። የወጣው ግን የእውነት ነው። እሱ ከሞተ ጀምሮ አላለቀስኩም። ጠንካራ ናት ስትሉኝ አፍሬ ተውኩት። ባሌን ያለቀስኩት ዛሬ ነው፤ ለቅሶዬም ያለው እዚያ ስልክ ውስጥ ነው።»

ከእንባዬ ይልቅ ይህን በሰው ፊት መናገሬ ከበደኝ። ሰብሳቢው ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«የእውነት ነው?» አሉኝ።

«የእውነት ነው፣ ጋሼ።»

«እንዲያ ከሆነ ለቅሶ ነው።» ወደ ሰዉ ዞሩ። «ለቅሶ ቤት መጥቶ ቆሞ የሚያወራ ምን ዓይነት ሰው ነው? ተቀመጡ እንጂ!»

ሄደው ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ሰዉም ተቀመጠ። ያቺ በመጀመሪያው ቀን ትከሻዬን የያዘችው የቤተ ክርስቲያን እናት ከሰው መሐል ወጥታ አጠገቤ መጣች። አሁን ምንም አልተናገረችም። እጄን ይዛ ብቻ ተቀመጠች፤ የእሷም ፊት እርጥብ ነበር።

ልጆቹ ለፊልሙ ያዘጋጁት ንፍሮ ታደለ። ራሳቸው የቀቀሉት ነው፤ ጥርስ የሚሰብር። ከልጁ አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ ጥቂት አላመጡና «ጨው የለውም እኮ ይሄ» አሉ። ባለ ዱቄቱ ልጅ ሳቁ አፈነው፤ ታፍኖም አልቀረ። ለምን እንደሳቀ ሲያስረዳ፣ የሟቹ ንግግር ያ መሆኑን ሲነግራቸው፣ ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ ወሬው ወደ ባሌ ዞረ። ጥሩንባ ነፊው የራሱ እናት የሞቱ ጊዜ የሆነውን አወራ። ሠፈሩን መጥራት የእሱ ሥራ ነው፤ ግን እያለቀሰ ጥሩንባው አልነፋ ይለዋል። ባሌ ከእጁ ወስዶ ይነፋል። በሕይወቱ ነፍቶ አያውቅም።

«እናቱ የጠፋችበት ጥጃ ነው የሚመስለው!» አለ ጥሩንባ ነፊው እንባውን እየጠረገ። «ሰው ሁሉ እየሳቀ ነው ከቤቱ የወጣው። እኔም እየሳቅሁ ነው እናቴን የቀበርኩት።»

ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቤት መጥቶ አልነገረኝም።

ስልኬ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። የጥሩንባው ወሬ አዳማ ደርሷል።

«እማዬ? እማዬ፣ አንቺ ነሽ?» ልጄ ትንፋሽ አጥሯታል። «ደውለው እናትሽ ብለው… ሞታለች ብለው…»

«እኔ ነኝ። ደህና ነኝ፤ ማንም አልሞተም። ድንኳን ተክለን ተሳስተው ነው።»

«ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«አልቅሼ ነው።»

«ማንን?»

«አባትሽን።»

ከዚያ ስልኩን ዘጋችው። መልሼ ብደውል አላነሳችም። በሚቀጥለው እሑድ እንደ ልማዷ ደወለች፤ ጤናሽ? ደህና። ሥራ? ደህና።

ከሳምንት በኋላ ልጅቷና የድሬዳዋው ልጅ መጡ። ሰብሳቢው «መምህርቷ ከፈቀደች» ብለው ፊልሙን ለእኔ ትተውልኛል። ሠፈርተኛውም ምስሉ እንዲቆይ ተስማምቷል፤ ጎረቤቴ እንዲያውም አረፋዋ እንዳይቆረጥ አስጠንቅቃቸዋለች። የቀረው የእኔ ነው።

«ለቅሶዎን ከፊልሙ እናውጣው፣ እትዬ?» አለች። «መጀመሪያ ይዩት፤ ከዚያ ይወስኑ።»

በስልኩ አሳዩኝ። ፊቴ የለበትም። እኔ ስወድቅ ልጁ ስልኩን ወደ መሬት አዙሮታል። የሚታየው የፕላስቲክ ነጠላ ጫማው፣ የተደፋው ምስር፣ አንዲት ጉንዳን አንድ ምስር ስትጎትት ነው። ድምፁ ብቻ የእኔ ነው።

«ይቅርታ፣ ማዘር» አለ። ያ ሁሉ ምላሱ ጠፍቶ መሬት መሬት ያያል። «ፊትዎን መቅረጽ አቃተኝ።»

«ሰው ይስቅበታል?» አልኩ ልጅቷን።

አሰበች። «አላውቅም፣ እትዬ። ሊስቅ ይችላል። አስቂኝ ፊልም ብሎ ነው የሚመጣው።»

ብትዋሸኝ ኖሮ አውጡት እል ነበር ብዬ አስባለሁ። «እንዳለ ይቆይ» አልኳት። ከዚያ ለልጄ ደወልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ዩኒቨርሲቲ ፊልም እንደሚታይ፣ እኔ እንዳለሁበት፣ ብትመጣ ደስ እንደሚለኝ ነገርኳት። «አያለሁ» አለች።

በጠዋቱ አውቶቡስ መጣች። አዳራሹ ውስጥ በግራዬ እሷ፣ በቀኜ ጎረቤቴ ተቀመጡ። ተማሪው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ይስቃል፤ ዱቄቱ ሲንጠባጠብ ይስቃል፣ ዳይሬክተሯ የአይጥ ጩኸቷን ስትጮህ ይስቃል። እኔ የራሴን ጩኸት እንደሚመጣ በትር ነበር የምጠብቀው።

መጣ። «አንተ ሰውዬ!» ሲል ከኋላ ሳቁ። ሌሎችም ተከተሉ። ልጄ እጇን ጉልበቷ ላይ ጨበጠች። ምስሉ መሬቱ ላይ ቆየ፤ ምስሩ፣ ጉንዳኗ፣ የእኔ ድምፅ። ሳቁ ከአንድ ወገን መሳሳት ጀመረ። ከፊት ያለ አንድ ልጅ ብቻውን ጥቂት ስቆ እሱም ተወው። ከዚያ አዳራሹ ውስጥ ከለቅሶዬ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ዘጠኝ ወር በሰው ፊት ያፈርኩበት ነገር ይሄ ነው አልኩ በልቤ። ሰው ዝም ብሎ ሰማው፤ ምንም አልሆንኩም።

ወዲያው ጎረቤቴ ባለ አረፋዋ በሩን በርግዳ ገባች፤ አዳራሹ ፈነዳ። እሷም ከወንበሯ ተነስታ ለሕዝቡ እጅ ነሳች። ልጄን አየኋት። እንባዋ እስከ አንገቷ እየወረደ፣ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። 

ባጃጅ ይዘን ምሥራቅ ወደሚባለው ሠፈራችን ጉዞ ጀመርን። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ልጄ ወደ ውጭ እያየች፣

«መሥሪያ ቤት ሽንት ቤት ገብቼ ነው የማለቅሰው» አለች። «እንዳይሰማ ውሃውን ከፍቼ። ወጥቼ ፊቴን እታጠብና ደንበኛ አስተናግዳለሁ። በምሳ ሰዓት ደግሞ እገባለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» ልላት ነበር። ለምን እንዳልነገረችኝ ስለማውቅ ተውኩት።

«አባዬ ለእኔ ብቻ የሞተ ነበር የሚመስለኝ፣ እማዬ» አለችና ጎንበስ ብላ ጭኔ ላይ ተደፋች። ውሃ ሳትከፍት አለቀሰች። ሹፌሩ በመስታወቱ አየን፤ እኔ ጀርባዋን አሻሸሁላት። ወደ ቤታችን የምንታጠፍበት መንገድ ደረስን።

«ወደ ሐይቁ ዙርልን» አልኩት ሹፌሩን።

«ማዘር፣ ምሥራቅ አላሉኝም? በዚህ እኮ ደርሰናል።»

«አውቃለሁ። ዙር፤ ቀስ ብለህ። አልቅሳ ትጨርስ።»

ዞረልን።